መጋዘን ውስጥ የተቆለፈ ትምህርት

መምህር ካሱ ምዕራብ ዓባያ ከዘመድ ሠርግ ውለው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዓለሚቱ ጋር በሚኒባስ ወደ አርባ ምንጭ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር። በአንድ የጤና ኮሌጅ ነርሶችን ሲያስተምሩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ በከተማዋ ከሲቀላ ሰፈር እስከ ሴቻ ሰፈር በሄዱበት ሁሉ ወንበር የሚለቀቅላቸው ሰው ናቸው። ሠርጉ ላይም የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እየመጡ እጅ ስለነሷቸው፣ "አየሽ ዓለሚቱ፣ ልፋቴ መና አልቀረም" እያሉ ያወሩ ነበር።

እትዬ ዓለሚቱ ግን አልመለሱላቸውም። መንገዱ በጥገና ላይ ስለነበር አቧራው በመስኮት እየገባ አስማቸውን ቀስቅሶባቸዋል። ከቦርሳቸው ያወጡት ወደ አፍ የሚረጭ የአስም መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ቢጫኑት ባዶ ሆነ። ጥቂት እንደተጓዙ ደረታቸው ያፏጭ ጀመር፤ ከንፈራቸው ጠቆረ፤ አንድ ቃል ለመናገር እንኳ ትንፋሽ አጠራቸው። ተሳፋሪው "አቁም! አቁም!" ብሎ ሲጮኽ፣ ሾፌሩ መኪናውን መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ አስገባው።

ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ነርስ እየሮጠች ወጥታ እትዬ ዓለሚቱን ደገፈቻቸው። ቀና ብላ ባለቤታቸውን ስታይ ግን ክው አለች።

"መምህር! እርስዎ ነዎት?"

"ኢየሩስ! ተመስገን፣ ተመስገን! በገዛ ልጄ እጅ ላይ ወደቅን!" አሉ መምህር ካሱ። ኢየሩስን እንዴት ይረሷታል? በመተንፈሻ አካላት ሕመም ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣች፣ የያንዳንዱን በሽታ ትርጓሜ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቃሏ የምትወጣላቸው ተማሪ ነበረች።

ኢየሩስ በሽተኛዋን አልጋ ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው። መድኃኒቱን ወደ ጭጋግ ለውጦ በጭንብል የሚሰጠውን መሣሪያ ከጥግ ጎትታ አመጣች። ከዚያ በኋላ ግን አሠራሩ ጠፋት። ቱቦውን በአንዱ ጫፍ ሞከረችው፣ አልገባም። በሌላው ስትታገለው የመድኃኒቱ ኩባያ ተከፈተና ያለው ሁሉ አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"መሣሪያው የመጣልን በቅርቡ ነው መምህር። ነክቼው አላውቅም።"

"ነክቼው አላውቅም? ይህን እኮ አስተምሬሻለሁ!"

ኢየሩስ ኩባያውን አስቀመጠች። እጇን ጋዋኗ ኪስ ከትታ ስልኳን አወጣች።

የመምህር ካሱ ደም ፈላ። "ሰው እየሞተ ስልክ ትነካኪያለሽ? ምን ዓይነት ጉድ ነሽ አንቺ?"

"ዝም ይበሉ መምህር!" አለች፤ በሕይወታቸው እንዲህ ያላቸው ተማሪ አልነበረም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈችው። ከውስጡ የሴት ድምፅ ወጣ፦ "ቱቦውን ከኩባያው ሥር እንሰካለን። ኩባያውን ቀጥ አድርገን እንያዝ፤ ካጋደለ ይፈስሳል..." ኢየሩስ እያየች ሰካች፣ አዲስ መድኃኒት ጨመረች፣ ጭንብሉን አጠለቀችላቸው። ነጩ ጭጋግ መውጣት ጀመረ። እየቆየ ያ ፉጨት ረገበ፤ ለመተንፈስ ሲታገሉ ሽቅብ የተወጠረው የእትዬ ዓለሚቱ ትከሻም ዝቅ አለ።

መምህር ካሱ ድምፁን አውቀውታል። የምኞት ድምፅ ነው። ምኞት በኮሌጁ አብራቸው የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። "ገለጻውን በአጭር ቪዲዮ አስቀድመን እንስጥና የክፍሉን ሰዓት ለተግባር እናውለው" ብላ በስብሰባ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ፣ "ኮሌጅ ነው ወይስ ቲያትር ቤት?" ብለው ሰው ያሳቁባት እርሳቸው ነበሩ።

እትዬ ዓለሚቱን እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሁለቱ ደጅ ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰው ከፍርሃት ሲወጣ የፍርሃቱን ቦታ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ንዴት ነው። መምህር ካሱም ምስጋናውን ዘለው ወደ ወቀሳው ገቡ።

"አሳፈርሽኝ ኢየሩስ። ዘጠና ስድስት የሰጠሁሽ ለዚህ ነው?"

"እኔንም የሚያናድደኝ ያ ዘጠና ስድስት ነው" አለች ኢየሩስ። "የማላውቀውን የማውቅ አስመሰለኝ። እዚህ የተቀጠርኩት ጎበዝ ናት ተብዬ ነው። ዛሬ እትዬ ዓለሚቱ አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ጥፋቱ የማን ነበር? የእኔ ብቻ?"

"ጠግበሻል!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንደ አባቴ ነው የማከብርዎት። ዛሬ ካልተናገርኩ ግን መቼም አልናገርም። አስም ምንድን ነው ይበሉኝ፣ አሁኑኑ ልንገርዎት፤ መንሥኤውን፣ ዓይነቱን፣ ምልክቱን ሁሉ። ይህን ጭንብል ግን አንድም ቀን በእጄ አስይዘውኝ አያውቁም።"

"አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይዤ? ደግሞ እኔ አዲስ ነገር የምጠላ ሰው አይደለሁም። ፕሮጀክተር ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ!"

"ተጠቅመዋል። ሰሌዳው ላይ የነበረው ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ወጣ። እርስዎ ያነባሉ፣ እኛ እንገለብጣለን። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ይበተናል። ምን ተለወጠ?"

እውነቱን ለመናገር፣ በየኮሌጁ የሚታየው ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ዕቃ ይገዛል፤ አስተማሪው ግን ትናንት እንዳስተማረው ያስተምራል። ከዚያ ተማሪው ሳይለወጥ ሲቀር "ቴክኖሎጂ አይጠቅመንም" ይባላል። መምህር ካሱም ያሉት ይህንኑ ነው።

"ስልክ በተማሪ እጅ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ" አሉ። "ጭፈራ ነው የሚያዩበት።"

"ሥራ ካልተሰጣቸው ጭፈራ ያያሉ። ወንድሜ ማርቆስ የምኞት ተማሪ ነው፤ እሷ በራሷ ክፍል በቪዲዮ ታስተምራለች፤ ቪዲዮውን የላከልኝም እሱ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ዘፈን አይበልጥም። አይታችሁ ኑ ትላቸዋለች። ክፍል ሲገቡ በዚያው ስልክ አጫጭር ጥያቄዎች ይመልሳሉ፤ የቱ እንዳልገባቸው ወዲያው ታየዋለች፤ ማስተማር የምትጀምረውም ካልገባቸው ላይ ነው። ከዚያ በቡድን በቡድን ትከፍላቸዋለች። አንዱ ቡድን በእጁ ይሠራል፣ ሌላው 'እንዲህ ያለ በሽተኛ መጣ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?' ተብሎ ይከራከራል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ የሚሠራው እንዲህ ነው። እርስዎ እንዳልገባን የሚያውቁት መቼ ነበር? የመጨረሻውን ፈተና ሲያርሙ! ያኔ እኛ ሻንጣችንን አስረናል።"

"ኢንተርኔት መግዣ የሌለውስ? ከዶርዜ ወርዶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የሸማኔ ልጅስ?"

"አንዱ ያወርድና ከስልክ ወደ ስልክ በነጻ ይቀባበሉታል። ስልክ የሌለው ከቡድኑ ጋር ያያል። ይልቅ የሸማኔው ልጅ አሁን ምን እያገኘ ነው? አባቱ ጥበብ ሲያስተምረው እኮ መጀመሪያ የሸማ ትርጓሜ አላስጻፈውም፤ ሸማ መሥሪያው ላይ ነው ያስቀመጠው።"

መምህር ካሱ ከአግዳሚው ተነሡ። "እሺ፣ መሠረቱስ? ምክንያቱን የማያውቅ ነርስ ቪዲዮ እያየ ቱቦ ቢሰካ ምን ዋጋ አለው? እንደ መካኒክ ሰው ሊፈቱና ሊገጥሙ ነው?"

እዚህ ላይ የኢየሩስ ድምፅ ዝቅ አለ። "ይህ እውነትዎን ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ምን ያህል እንደምሰጥ፣ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለው ያወቅኩት ከእርስዎ ነው፤ ቪዲዮው አልነገረኝም። ያስተማሩኝ ውሸት ነው አላልኩም። ግማሽ ነው ማለቴ ነው። ንባቡን ቤታችን ማንበብ እንችል ነበር። ክፍል ውስጥ ግን በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ ብሳሳት እርስዎ ያርሙኝ ነበር። የመጀመሪያ ስህተቴን የሠራሁት በባለቤትዎ ላይ ነው መምህር።"

መምህር ካሱ፣ "ኮሌጁ አሻንጉሊት የለ..." ብለው ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። አለው እንጂ። በእርዳታ የመጡ የመለማመጃ አሻንጉሊቶች፣ ጭንብሎችና ቱቦዎች እስከነካርቶናቸው መጋዘን ውስጥ አሉ። "ተማሪ ቢሰብራቸው ማን ይጠየቃል?" ብለው ያስቆለፏቸው የንብረት ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት ራሳቸው መምህር ካሱ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ምኞትን ቢሮዋ በር ላይ ጠበቋት። ስታያቸው ፊቷ ተለዋወጠ።

"ዛሬ ደግሞ በምን ሊያሳቁብኝ ነው?"

"ለምን አጥብቀሽ አልታገልሽኝም?" አሉ እንደ መጮኽ ብለው።

"እኔ?" ምኞት ያዘለችውን ቦርሳ መሬት ላይ ጣለችው። "መጋዘኑ እንዲከፈት አልለመንኩዎትም? በውኃ ጠርሙስና በጎማ ቱቦ እኮ ነው የማስተምረው! የማሳየውን መሣሪያ ከሆስፒታል ለምኜ፣ ቀርጬ በማግስቱ እመልሳለሁ! ተማሪዎቼ ሲመረቁ በሽተኛ እንደሚጠብቃቸው እያወቅኩ ሌሊት እንቅልፍ የማጣው እኔ፣ ያልታገልኩት እኔ?"

መምህር ካሱ በመንገድ ላይ የደረሰባቸውን ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። ጨርሰው፣ "ያንቺ ድምፅ ነው ሚስቴን ያተረፈልኝ" አሏት። ምኞት ቦርሳዋን አነሣችና፣ "እንግዲያው እንሂድ፤ ይክፈቱልኝ" አለቻቸው።

መጋዘኑ ተከፈተ። በአርባ ምንጭ ሙቀት የጭንብሎቹ ጎማ ተሰነጣጥቋል፤ ከቱቦዎቹ ገሚሱ እርስ በርሱ ተጣብቋል። መምህር ካሱ አንዱን ጭንብል አንሥተው ሲያጥፉት እጃቸው ላይ ተሰበረ።

"ሳይነካ ተበላሸ!" አሉ። "እንዳይሰበር ብዬ የቆለፍኩት፣ አንድ ልጅ ሳይማርበት ተበላሸ!" ያን ቀን የተቆጡት ቁጣ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ የሚጮኹበት ሰው አልነበራቸውምና።

አሻንጉሊቶቹ ግን ደህና ነበሩ። በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ መምህር ካሱ ስለ ምኞት ሐሳብ ተከራከሩ፤ "ዕቃ ቢሰበርስ?" ላሉትም፣ "ይሰበር! ለመማሪያ ነው የመጣው። ሰው ከሚሰበር ፕላስቲክ ይሰበር!" ብለው ጠረጴዛ መቱ። ትምህርታቸውንም ከምኞት ጋር ተቀምጠው እንደ አዲስ ቀረጹት። ማስተማሪያ ጽሑፋቸውን ተማሪው ቤቱ እንዲያነበው ሰጡ። የመድኃኒቱን ምክንያትና መጠን በራሳቸው ድምፅ በአጫጭር ቪዲዮ ቀረጹ፤ መጀመሪያ ላይ ካሜራው ፊት እየተቆጡ ምኞትን አስቸገሯት። ውጤት የሚያዘው በአንድ የመጨረሻ ፈተና መሆኑ ቀርቶ፣ ተማሪው በየሳምንቱ በሚመልሰውና በእጁ ሠርቶ በሚያሳየው ሆነ።

ፍሬውም ታየ። የኋላ ወንበር ላይ ይተኙ የነበሩ ተማሪዎች ጠያቂ ሆኑ። ደካማው ከፈተና በፊት ታወቀና ተደገፈ። ለልምምድ የተላኩባቸው ጤና ጣቢያዎች፣ "እነዚህ ልጆች እጃቸው አይፈራም" አሉ። ቀድመው የተመረቁትን ደግሞ መምህር ካሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠሯቸው፤ ኢየሩስም ከጓደኞቿ ጋር መጣች። "ሙሉ አድርጌ መስጠት የነበረብኝን ትምህርት ግማሹን ሰጥቻችኋለሁ" አሏቸው በግልጽ። "ቀሪውን አብረን እንማራለን፤ እኔም ገና እየተማርኩት ነው።"

አንድ ቅዳሜ እትዬ ዓለሚቱ አብረው መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንድ ወጣት ነርስ ወደ አሻንጉሊቱ ቀርቦ፣ "አስም ማለት የመተንፈሻ ቧንቧ..." ብሎ ሲጀምር እትዬ ዓለሚቱ፣ "ልጄ፣ እሱን እኔም አውቀዋለሁ። ሲያፍነኝ ምን ታደርግልኛለህ?" አሉት። ልጁ አፍሮ ኩባያውን አነሣ፤ አጋደለውና ለልምምድ የተሞላው ውኃ እጅጌው ላይ ፈሰሰ።

 መምህር ካሱ አጠገቡ ሄደው ኩባያውን እንደገና ሞሉለት።

"እዚህ ተሳሳት" አሉት። "እዚህ የፈለግከውን ያህል ተሳሳት። በል ድገመው።"