አቶ ዘርአብሩክ መንግስትኣብና የፊደል ሰሌዳቸው

በዚህ በቤት ጊዮርጊስ ደጅ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ መነጽር ካደረጋችሁት ብዙዎቻችሁ መነጽራችሁን የተቀበላችሁት ዛሬ በመካከላችን በሣጥን ካረፉት ሰው እጅ ነውና፣ ይህን የሕይወት ታሪክ ስትሰሙ የዓይናችሁንም ታሪክ እንደምትሰሙ ቁጠሩት።

አቶ ዘርአብሩክ ከአባታቸው ከግንበኛው ከአቶ መንግስትኣብ ተመልሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣስካሉ ዮሃንስ በ1917 ዓ.ም. በአስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ተወለዱ። በዚያን ዘመን ለአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል የሚያልፍ ትምህርት ስላልነበረ፣ እሱን ፈጽመው፣ የፊደል አጣጣልንም ከቄስ ትምህርት ቤት ቀስመው፣ በጉርምስናቸው በኮምቢሽታቶ ጎዳና መነጽር ይሠራ ከነበረ አንድ ጣሊያናዊ ዘንድ መስተዋት ሞራጅ ሆነው ተቀጠሩ። ከመሞረድ ወደ መግጠም፣ ከመግጠም ዓይንን ወደ መለካት እየተሻገሩ ቆይተው፣ ጣሊያናዊው ወደ አገሩ ሲመለስ ሱቁን ተረከቡ።

መጀመሪያ የለወጡት ነገር የግድግዳውን ሰሌዳ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዓይን የሚለካው ሰው ከርቀት ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ እያነሱ የሚወርዱ ፊደላትን ሲያነብ ነው። የጣሊያኑ ሰሌዳ በላቲን ፊደል ስለ ነበረ፣ ብዙው ሰው የተሳነው ማየት ይሁን ማንበብ አይለይም ነበር። ስለዚህ አቶ ዘርአብሩክ በነጭ ጣውላ ላይ ከላይ ግዙፍ «ሀ» አድርገው፣ ከታች «ለ»ና «ሰ»ን፣ «በ»ና «ከ»ን የመሳሰሉ ተቀራራቢዎችን ደርድረው በገዛ እጃቸው ጻፉ። አንድ ብቻ ጻፉ። በእጅ ጽሕፈታቸው ይኮሩ ስለ ነበር ሌላ ያስፈልጋል ብለው አላሰቡም።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚሁ ሰሌዳ ነው። ወይዘሮ ወርቅውሃ ደርበው አባታቸው ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር ሲዛወሩ አብረው መጥተው፣ ለመነጽር ቢቀርቡ የታችኛውን መስመር ማንበብ አቃታቸው፤ ተሸነፍኩ ከማለት ይልቅ ግን፣ «ዓይኔ ደህና ነው፤ የተንጋደደው የርስዎ ፊደል ነው!» አሉ። አቶ ዘርአብሩክ ያን ቀን ሲስቁ ዋሉ፤ በ1948 ዓ.ም. ተጋብተውም ርግበንና ዮሃንስን አፈሩ።

ኤርትራ በ1955 ዓ.ም. ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ በአማርኛ ሆነና፣ «ጽሑፉ አልታይ አለኝ» እያሉ የሚመጡ ጸሐፊዎች በዙ። አቶ ዘርአብሩክ ለክተው ዓይናቸውን ጤነኛ ሲያገኙት፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይሄ እንኳ በመነጽር የሚድን አይደለም» እያሉ ይሸኟቸው ነበር።

በኋላም ከአውሮፓ ሌንስ የሚባለው መጣ። ሌንስ ማለት ከምስር ብዙም የማትበልጥ፣ በቀጥታ በዓይን ብሌን ላይ የምትቀመጥ ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት ናት። የመኮንን ሚስቶችና ሙሽሮች ይሻሟት ነበርና፣ አቶ ዘርአብሩክ ለእያንዳንዳቸው እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ እንዳይነኳት፣ አድርገዋት እንዳይተኙ፣ ዓይን ሲቀላ በዚያው ቅጽበት እንዲያወጧት ሳይሰለቹ ይመክሩ ነበር። አንዲት ሙሽራ ሌንሷን በምራቋ አርሳ ልታደርግ ሲያዩዋት፣ «ኣይፋልን ጓለይ! ተይ ልጄ፣ ምላስሽ ላይ ያለውን ብታዪው እንኳን ዓይንሽ ውስጥ፣ ጫማሽም ላይ አትቀቢው» ማለታቸው በኮምቢሽታቶ ሁሉ ተወርቷል።

የራሳቸውን ዓይንም ችላ አላሉም። ጧት ጧት ሱቁን ሲከፍቱ ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ያነቡ ነበር፤ ቀጥሎም ሌላውን። ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ «ዛሬም ዳዊትህን ደገምክ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቀልድ መሆኑ ቀርቶ እውነት እየሆነ መሄዱን ግን ሁለቱም አላወቁም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለምትሉ፣ የስኳር በሽታ የዓይንን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከውስጥ እየበላ የሚያደማ፣ ሕመም የሌለው ሌባ ነው። አቶ ዘርአብሩክ ውሃ ሲጠማቸው የመሞረጃው አቧራ ነው አሉ፤ ሲከሱ ሥራ በዛ አሉ። ደንበኛን የሚለኩት ደንበኛው ባነበበው ስለ ሆነ፣ መስተዋቶቹንም በተራ ከተደረደሩበት ሣጥን እጃቸው አውቆ ስለሚያነሳ፣ ሥራቸው አላጋለጣቸውም። ሰሌዳውን ደግሞ እሳቸው ናቸው የጻፉት።

በ1963 ዓ.ም. ለፋሲካ ግድግዳው ኖራ ሲቀባ፣ ቀቢዎቹ ሰሌዳውን አውርደው ጓዳ አስገቡት። ለአቶ ዘርአብሩክ የነገራቸው የለም፤ ለሚያይ ሰው ይነገራል እንዴ? በማግሥቱ ጧት ሚስታቸውና ልጃቸው ሱቁን ሊወለውሉ አብረዋቸው መጡ። አቶ ዘርአብሩክም እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ግራ ዓይናቸውን ሸፈኑ፤ ከባዶው ነጭ ግድግዳ ላይ አንዲት ፊደል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው አነበቡ። እጃቸውን ቀይረውም ደገሙት። የወይዘሮ ወርቅውሃ መጥረጊያ በእጃቸው ላይ ቆሞ ቀረ።

«ኣቦይ፣ ሰሌዳው'ኮ የለም» አለች ርግበ።

«ኣንቲ ቆልዓ፣ ከኔ ጋር ትቀልጃለሽ?» ብለው ሳቁ። አብሯቸው የሳቀ ሰው ሲያጡ ግን ሄደው ግድግዳውን ዳሰሱት። ኖራው ደህና አልደረቀም ነበርና መዳፋቸው ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

እዚህም አዲስ አበባም ያዩዋቸው ሐኪሞች አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቀድሞ ቢሆን ስኳሩን መግታት ይቻል ነበር፣ የሞተውን ዓይን የሚመልስ መድኃኒት ግን የለም። ይህን ለቤተሰቡ ያስረዱት ራሳቸው አቶ ዘርአብሩክ ናቸው፤ ስለ አንድ ደንበኛ የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው፣ ደሙ የት እንደ ፈሰሰ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየሳሉ አስረዱ። ጠበል ተሞከረ፤ ስለት ተገባ፤ ብርሃኑ ግን እየሄደ ሄደ። ሱቁ ተዘጋ፤ ወዳጅ ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ግን፣ «ስኳርህን ተመርመር፤ በቃልህ በምታውቀው ነገር ደግሞ ራስህን አትለካ» ማለትን አልተዉም። ይህ ቃል በቀብራቸው ቀን እንዲነገር ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

በሽታው ከዓይን አልፎ ኩላሊታቸውን በያዘ ጊዜ ሆስፒታል ተኙ። ትናንት ጧት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ በዛለ እጃቸው አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ከ«ሀ» ጀመሩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙና፣ «ወርቅውሃ፣ ልክ ነኝ?» ብለው ጠየቁ። ሊያደርጉላቸው የሚችሉት ሌላ አንዳች ነገር ያልነበራቸው ወይዘሮ ወርቅውሃም፣ «ልክ ነህ» አሉ። እጃቸው ከዓይናቸው ላይ ሳይወርድ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው አረፉ፤ ያወረዱላቸው ባለቤታቸው ናቸው።

አቶ ዘርአብሩክ እናታቸውን ወይዘሮ ኣስካሉን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወርቅውሃን፣ ልጆቻቸውን ርግበንና ዮሃንስን፣ በየመንገዱም አጥርታችሁ የምታዩትን እናንተን ትተውልን ሄደዋል። ዓይነ ስውሩን በምራቁና በጭቃ ያበራ አምላክ፣ የአገልጋዩን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ በቃላቸው ሳይሆን በዓይናቸው የሚያዩትን ብርሃን ይስጥልን። አሜን።