ከውሻው ጋር የምትጓዘው ፍራሽ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ትንሹ ውሻቸው የተኛበትን ቅርጫት በእግራቸው መሃል ይዘዋል። ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሊሄዱ ነው። ጠርታቸው አይደለም፤ ናፍቆቱ አላስቀምጥ ብሏቸው ነው። ባለፈው ከተቀያየሙ ወዲህ እሷም አልደወለች፣ እሳቸውንም ኩራት ይዟቸው ከረመ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ውሻው ጆሮውን እያከከ አላርፍ ሲል አየችው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውሻዎ ቁንጫ ሳይኖርበት አይቀርም።»

«የኔ ውሻ? ዛሬ ጠዋት በሳሙና አጥቤዋለሁ እኮ፣ ልጄ። ቁንጫ ያለው የቆሸሸ ቤት ውስጥ ነው።»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ቁንጫ ግን ቤት አይመርጥም። የሚተኛበትስ ታጥቧል?»

ሽማግሌው ሳቁ። ፍራሿን ከደንበኞቻቸው ጨርቅ በተረፈ ቁርጥራጭ ሞልተው የሰፏት ራሳቸው ናቸው። ውሻው በሄደበት ሁሉ ትሄዳለች።

«እሷንማ ካጠብኳት የቤቱ ጠረን ይጠፋና እንቅልፍ አይወስደውም።»

ሰውየው አንዲት የክር ጫፍ ተንጠልጥላ ብትቀር ልብሱን ለባለቤቱ የማይሰጡ ጥንቁቅ ናቸው። ጥንቃቄያቸው ግን እዚያች ፍራሽ ጋ ሲደርስ ያንቀላፋል።

«የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ላይ ይረግፋል» አለች ሐኪሟ በትሕትና። «የሚረግፈውም በሚተኛበት ላይ ነው። እዚያው ይፈለፈላል። እርስዎ ውሻውን ሲያጥቡ ብዙው ፍራሹ ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል። ከዚያ ይዘውት ሰው ቤት ይገባሉ።»

«ነጭ ጋዝ ብቀባውስ?»

«እንዳይሞክሩት። ይልሰውና ይመርዘዋል።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፍራሹ ሕፃን አልጋ ሥር ቢነጠፍስ?» ብለው ጠየቁ።

«ቁንጫው ሕፃኑን ይነክሰዋል።»

ባለፈው ልጃቸው ቤት በሄዱ ጊዜ የልጅ ልጃቸው እግር በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልቶ ነበር። ልጃቸው፣ «አባዬ፣ ከውሻው ይሆን እንዴ?» ብትላቸው፣ አማቷ ፊት፣ «ቤትሽን ብታጸጂ ኖሮ ልጅሽን ቁንጫ ባልበላት» አሏት። አንገቷን ደፋች። እሳቸውም ጥፋቷን ያመነች መሰላቸው። አሁን ያንን አንገት ሲያስቡ ፊታቸው በሐፍረት ጋለ።

«ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

«ከመንገድ በፊት ሐኪም ያሳዩት፤ በክብደቱ ልክ መድኃኒት ይሰጠዋል። መድኃኒቱ መሥራት እንዲጀምር ከጉዞው ጥቂት ቀን አስቀድመው ይውሰዱት። ፍራሹን በሙቅ ውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ፀጉሩን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ያበጥሩት። ሰው ቤት ሲደርሱ አንሶላ ያንጥፉለት፤ ሲመለሱም አንሶላውን ይጠቡ፣ ውሻውንም እንደገና ይፈትሹ፤ ከሄደበትም ቁንጫ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ውሻው ይረጋጋል፣ ሕፃኑ ያለ ማከክ ይተኛል፣ የሚቀበልዎትም ሰው ሳይሳቀቅ በሩን ይከፍትልዎታል።»

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ።

«አንቺ ሂጂ፤ እኔ ዛሬ አልሄድም» አሉና አመሰገኗት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ። ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ልጄ፣ ቁንጫውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቤትሽ ንጹሕ ነበር።»

«አውቄው ነበር» አለች። «አማቴ ፊት አንተን ማሳፈር አልፈለግኩም።»

«አማትሽስ?»

«ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ውሃ እንኳ አትቀምስም።»

ሽማግሌው እንድትቆጣቸው ተመኙ፤ እሷ ግን አልተቆጣችም።

«ውሻውን አሳክሜ፣ ፍራሹን አጥቤ እመጣለሁ» አሏት በመጨረሻ። «ለእሷም እኔው፣ አንቺ ፊት እነግራታለሁ።»