ድቡልቡሉ እጀታ

ሽማግሌው የቶርኖ ባለሙያ ታላቅ እኅታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ እትዬን ከገዛ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው አገኟቸው። መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ከበሩ እጀታ ጋር ይታገላሉ። እጀታው ድቡልቡል፣ ቅጠል የተቀረጸበት ነሐስ ነው፤ ሽማግሌው በወጣትነታቸው ለእኅታቸው ሰርግ ያበጁት።

ያን ጊዜ አንዲት ወጣት ጎረቤት ቦርሳዋን አስቀምጣ በሩን ከፈተችላቸው። በፋብሪካ ውስጥ የቤት ዕቃ ንድፍ የምታወጣ ናት።

«ይህ እጀታ ይቀየር ብዬ ብለምናቸው፣ 'የወንድሜን ሥራ አላስነቅልም' አሉኝ» አለች ለሽማግሌው፣ ማንነታቸውን ሳታውቅ።

«ወንድምየው እኔ ነኝ!» አሉ ሽማግሌው፣ ደማቸው ፈልቶ። «ይህን ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ያኔ ነሐሱ ሲላግ ሽታው ልብስ ላይ ይከርም ነበር፤ እንግዳ እንኳ ከመግባቱ በፊት ቆሞ እጀታ ያደንቃል። ኋላ የፋብሪካ ማሽን መጣና በቀን ሺውን ይተፋው ጀመር። ቀጥሎ 'ጌጥ ይቅር' ባይ ንድፍ አውጪዎች መጡ። ይኸው ዕቃው ሁሉ እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ሆኖ ቀረ!»

«እውነትዎን ነው ጋሼ፤ እኔም የድሮውን ሳይ ልቤ ይሰረቃል። ግን ጌጡን የገፈፉት ውበት ጠልተው አይደለም፤ ጥሩ ዕቃ ከሀብታም ቤት ወጥቶ ለሁሉም ይድረስ ብለው ነው። ማሽኑም አደረሰው። የሳቱት፣ እነሱም እንደ ድሮዎቹ ዕቃውን ማን እንደሚይዘው አለመጠየቃቸው ነው።»

«እጅ ያለው ይይዘዋላ!»

«እንግዲያው ጣቱ እንደማይታዘዘው ሰው ጣትዎን ጨብጠው ያዙሩት።»

ሽማግሌው ጨብጠው ሞከሩ፤ አንሸራተታቸው። በሁለት ጡጫ ያዙት፤ አልዞር አለ። ሰው በምላስ ሲሞግቱት እልኽ ይጋባል፤ የገዛ እጁ ሲመሰክርበት ግን ምን ይላል?

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቁርጥማቱ ጣቴን ከያዘው ሦስት ዓመቱ። ሰው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«በመጣህ ቁጥር ስትዳብሰው እያየሁ እንዴት ልንገርህ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ወጣቷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅጠሉ ይቅር ያለ የለም ጋሼ። እጀታው ረዘም ይበል፣ ወደ ታች ሲጫኑት ይክፈት፤ በብሎን ይታሰርና ሲያረጅ ይጠገን እንጂ አይጣል» አለች።

በሳምንቱ ሽማግሌው አዲሱን እጀታ ገጠሙት፤ ጫፉ ላይ አንዲት ቅጠል ቀርጸውበታል። እትዬ የልብስ ሳፋ እንደታቀፉ በክርናቸው ጫን ቢያደርጉት በሩ ወለል አለ። «እሰይ! እጅህ ይባረክ!» አሉ።

ዕቃ እንዲህ ሲታሰብበት ሕመምተኛው አይለምንም፣ ሕፃኑ አይታገልም፣ እጁ የሞላበትም ሸክሙን አያወርድም፤ የሠሪውም ጥበብ አይሞትም። ሽማግሌውም ድሮ ደንበኛ ሲመጣ «ምን ዓይነት አበባ ላውጣልዎ?» ነበር የሚሉት። አሁን ሜትራቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት፣ «ቤትዎ ውስጥ ማን ማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ።