ቆራጩና የምክር ክፍሉ

የማተሚያ ቤቱ አንጋፋ ወረቀት ቆራጭ ከመጋዘኑ ጀርባ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ፣ በእርማት ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት ሳታስበው ደረሰችባቸው። ጠዋት አንድ ቁልል የተማሪ መጽሐፍ ገልብጠው ከመቁረጫ ማሽኑ ስለት ሥር አስገብተው፣ የየገጹን የመጀመሪያ መስመር ቆርጠው ጥለውታል። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ዓይኔ ነው።»

ዓይናቸው አልነበረም። ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ወር አልፏል፤ እሳቸውም እንቅልፍ ካጡ እንደዚያው። ዛሬ ስለቱ መጽሐፍ በላ፤ ነገ ጣት ቢበላስ? ከመጋዘን ጀርባ ያስቀመጣቸው ይኸው ሐሳብ ነበር።

«ሐዘኑ ነው እንጂ ዓይንዎስ አይደለም። ከክሊኒካችን ቀጥሎ ባለው ክፍል ድርጅቱ የቀጠራት የሥነ ልቦና አማካሪ አለች እኮ። ለምን አያነጋግሯትም?»

«የእብዶቹ ክፍል? ደግሞስ የቤቴን ገመና ለአለቃዬ ላሰማ?»

«አለቃ አይሰማም። ያለ እርስዎ ፈቃድ ከዚያ ክፍል አንዲት ቃል አትወጣም። እኔም እናቴ የታመመች ጊዜ ገብቻለሁ። ታዲያ አብጃለሁ?»

«ትንሽ ሳይነካሽ አልቀረም» አሉ፤ ሳይወዱ ፈገግ ብለው።

«ይሁን፤ ግን ጋሼ፣ ማሽኑ ገና ድምፁን ሲለውጥ መካኒክ ያስጠራሉ። ለራስዎ ሲሆን ለምን ዝም ይላሉ?»

ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ ውስጣችን እየተቃጠለ «ደህና ነኝ» ማለትን እንደ ጨዋነት እንቆጥረዋለን።

«መግባቱንስ እገባ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ «እግሬ እምቢ አለኝ እንጂ።»

«ይነሡ፣ እስከ በሩ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ሄዱ። አማካሪዋ ሳትቸኩል አዳመጠቻቸው፤ እሳቸውም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። እንቅልፋቸው እስኪመለስ ድረስ በራሳቸው ጥያቄ ከስለቱ ርቀው የታተሙ ወረቀቶችን ሲያጥፉ ቆዩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም በሙሉ ጤና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። ጥቅሙ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልተበላሸም፣ ድርጅቱም የሠላሳ ዓመት እውቀት አላጣም፤ ሌሎች ሠራተኞችም «ሰው ምን ይለኛል» ማለትን ትተው ያንን በር ማንኳኳት ጀመሩ።

አንድ ቀን ቆራጩ ወጣቷን በደረጃው ላይ አገኟትና ሁለት እጇን ያዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እነዚህን ጣቶች ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ በሩን ከማሳየት በቀር ምን አደረግሁ?»

«በሩንማ በየቀኑ አየው ነበር» አሉ፤ «ያጣሁት አብሮኝ የሚሄድ ሰው ነው።»