የመሪጌታ መሬትና ሁለተኛው ዲግሪ

ሐብተ ማርያም በግሪክ አገር ነገረ መለኮት ተምሮ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ጎንደር ከገባ መንፈቅ ሆኖታል፤ ልቡ ግን ገና አላረፈም። አንድ ቀን የተቀደደ ኪሱን ለማሰፋት አራዳ ወዳለ ልብስ ሰፊ ቢገባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል የመጡትን፣ ከነቤተ ሰባቸው የሚያውቃቸውን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን አገኘ። ለልጃቸው ለዲያቆን ቢያዝን ኮት ያስለካሉ።

ልጁ ለዚያው ለግሪክ አገር ትምህርት እንደ ተመረጠ፣ እሳቸውም ማሕሌት እየቆሙ የሚያርሱትን የደብር መሬት በመጪው እሑድ ለወንድማቸው ልጅ ሊለቁ እንደ ሆነ በደስታ አወጉት። ያላገለገለ አያርስምና፣ ጉልበታቸውም ደክሟልና።

«ምነው የኔታ፣ ለምን ይለቁታል?»

«ድጓ የዘለቀ መሪጌትነት ከነመሬቱ ያገኛል። ሁለት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው የእኔን ቁራሽ መሬት ምን ሊያደርግለት ነው?»

እርሳቸው ባደጉበት ዓለም እያንዳንዱ የትምህርት ማዕርግ የሚታረስ ነገር ነበረው። ሐብተ ማርያም ዝም ማለት ከጅሎ ነበር፤ የራሱን ደመወዝ መናገር ያሳፍረዋልና። ሆኖም እውነቱን አስረዳቸው። የተማሪውን ምግብና መኝታ ትምህርት ቤቱ ይችላል፤ ልብሱ፣ መጽሐፉና ደመወዝ ሊበላባቸው ይችል የነበሩት ዓመታት ግን ከተማሪው የሚወጡ ናቸው። ሲመለስም የሚያገኘው የአንድ አስተማሪ ደመወዝ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ጉምሩክ የገባ የሐብተ ማርያም ባልንጀራ በደመወዝ ይበልጠዋል።

«ሁለተኛው ዲግሪስ ምን ጨመረልህ?»

«ምስጋና።»

«ምስጋናማ እኛም ዘንድ ሞልቷል፤ ሌሊቱን ቆመን የምናድረው ለእሱው ነው» አሉና ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያ ይቅርብን።»

ዲያቆን ቢያዝን አንገቱን ደፋ። ሰፊውም መለካቱን ተወ።

«አይቅር የኔታ፤ ይሂድ። ለእውቀት ይሂድ እንጂ ለእንጀራ አይሂድ። የእኔ አባት በደስታ መሬታቸውን ለቀቁ። ዛሬ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ የማላምንበትን ጻፍ ሲለኝ፣ እምቢ ብዬ የምገባበት ጓሮ የለኝም።»

መሪጌታም ጠየቁ፤ «ታዲያ ማን ያገልግልበት?»

«ሴቷ ልጅዎ ለተ ማርያም ትያዘው።»

«ሴት ማሕሌት አትቆምም።»

«ከእህሉ ለደብተራ እየሰጠች ታስቆማለቻ። የጎንደር ወይዛዝርት ሲያደርጉት የኖሩት አይደለም? ለእነሱ ወግ የሆነው ለባላገር ልጅ ነውር ነው?»

መሪጌታ ሰፊውን «ለካው» አሉት። እሑድ በደብሩ አለቃ ፊት መሬቱን በለተ ማርያም ስም አደረጉ፤ የወንድማቸው ልጅ አኩርፎ ከረመ። ለተ ማርያም ግን የደብተራውን ድርሻ ሰጥታ ከተረፈው ራሷም ኖረች፣ ለወንድሟም የመጽሐፍ መግዣ ላከች። ዲያቆን ቢያዝን፣ ቢሾምም ባይሾምም፣ ደጅ ሳይጠና የሚገባበት ቤት ቆየው።

ኋላ ጎረቤት «ልጅዎ ሲመለስ ምን ያገኛል?» እያለ ሲጠይቃቸው መሪጌታ አይቸገሩም ነበር። «እሱ እውቀቱን ይዞ ይምጣ፤ የሚበላው እህቱ ዘንድ አለ» ይሉ ነበር።