ሁለተኛ ክፍሎች አልቀመጥ ያሉ ዕለት

ባለቤቴን ቀብሬ ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ጀርመንኛ አስተምራለሁ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ስገባ ልጆቹ ብድግ አሉ። «ጉተን ሞርገን» አልኳቸው፤ እንደ ልማዳቸው በዜማ መለሱልኝ። በጀርመንኛ ተቀመጡ ብላቸው ግን የሚቀመጥ ጠፋ። ደገምኩት፤ በእጄም አሳየኋቸው። ቆመው ያዩኛል። የተማሩትን ረስተው ይሁን አኩርፈውኝ አልገባ አለኝ። በእኔ ክፍለ ጊዜ ከጀርመንኛ ሌላ መናገር ክልክል ነው፤ ሲጨንቀኝ ሕጉን ራሴ አፈረስኩት።

«ሀዊ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አልኳት ከፊት የቆመችውን ልጅ።

«በአማርኛ ልመልስ ሚስ?»

«መልሺ።»

«እማዬ እግዜር ያጥናሽ ሳትያት እንዳትቀመጪ ብላኛለች። በጀርመንኛ ግን አላስተማርሽንም።»

«እኔንም አባዬ ብሎኛል» አለ አንዱ ከኋላ። «እንዴት ነው የሚባለው ሚስ?»

ለካ እኔም አላውቀውም። «ቤት ገብቼ ጠይቄ ነገ እነግራችኋለሁ» አልኳቸው።

«እሺ፣ ነገ እንልሻለን» አለችኝ ሀዊ። ሁሉም ተቀመጡ።

ማንን እንደምጠይቅ ያሰብኩት ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ጀርመን አገር የተማረው፣ ያቃተኝን ቃል ሁሉ ማታ ማታ የሚነግረኝ ባለቤቴ ነበር። ሾፌሩ «እናቴ፣ ወዴት ነዎት?» ሲለኝ የሰፈሬ ስም ጠፋብኝ።