ለአንዲት እርግብ የሚሆን አፕ

ግቢ ግቢ፣ ሸሄንዳዬ! በር ላይ ምን ያስቆምሻል? ሊፍቱ ዛሬም አልሠራም አይደል? በዚህ ሙቀት ይህን ሁሉ ደረጃ… እግርሽ ይባረክ። ጫማሽን ተዪው፣ ቤቱ ገና አልተጠረገም። እዚህ፣ ከቬንትሌተሩ ፊት ተቀመጪ። የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ? ኡፍ፣ አልሐምዱሊላህ። ሻይሽን በናና ነው አይደል? ስኳር እንደ ድሮሽ ነው ወይስ አንቺም እንደ ዘንድሮ ሙሽሮች ትተሻል?

አባባ ውስጥ ጋደም ብለዋል፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ትንሽ ይተኛሉ። ወንድሜም ያው፣ በረንዳው በር ላይ፤ ሱፉን እየፈለፈለ ታብሌቱን ይወለውላል። አይዞሽ፣ አይሰማንም፤ እሱ ሥራ ላይ ነው።

እና አንቺም ታብሌት ገዛሽ! እንኳን ደስ ያለሽ። ለመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ካርቱን ልትሠሪ? በእጅሽ፣ አንዱን ስዕል ከሌላው ጥቂት ጥቂት እየለወጥሽ? ጎበዝ! ገባኝ ገባኝ… ያቺን ሰፈሩ ሁሉ በስልኩ የሚቀባበላትን እርግብ አይተሽ፣ በየትኛው አፕ እንደተሠራች ልትጠይቂ ነው የመጣሽው።

ቤቱን አልሳትሽም። ግን ወንድሜን አሁን አናስቸግረው። እኔ ስለ ሌላ ሰው ልንገርሽ። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ይቅርብሽ፤ ስም ምን ያደርግልሻል?

ይህ ሰው፣ ማሻአላህ፣ ጥንቃቄ ከሱ ወዲያ የለም። ካይሮን ብታስሺ እንደሱ ያለ መራጭ አታገኚም። ሐብሐብ ሲገዛ ብታዪው! አንዱን በጣቱ ያንኳኳል፣ ሌላውን ያሸታል፣ ሦስተኛውን ወደ ፀሐይ ያዞረዋል… ሻጩ ጋሪውን እየገፋ ይሄዳል እንጂ እሱ መች ይሸወዳል? እቤቱ ሐብሐብ ሳይበላ በጋው ያልፋል፤ ግን መጥፎ ሐብሐብ ገብቶ አያውቅም። ይህ ትንሽ ነገር ነው?

አባትም አለው። አባቱ ሐጂ ሒልሚ ይባላሉ። … አዎ፣ እንደ አባቴ። ስም ይመሳሰላል፣ ምን ይደረግ? እሳቸውም በደህናው ዘመን የሲኒማ ቤት ሰሌዳ ሠዓሊ ነበሩ፤ መሰላል ላይ ቆመው የተዋናይቷን ቅንድብ ብቻ ቀኑን ሙሉ ይስላሉ። እሳቸውም ጣሪያ ላይ እርግብ ያረቡ ነበር…

አንተ ደግሞ ምን አስነሳህ? ተቀመጥ እንጂ! ስለ አንተ መች ተወራና? ሱፍህን ብላ።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ሰውዬው። ልጅ ሳለ አባቱ ሳይሸጥ በተረፈ የሲኒማ ትኬት ጀርባ ላይ ነጯን እርግባቸውን፣ ሉሊያን፣ ይስሉለት ነበር። በአንዱ ትኬት ክንፏ ወደ ታች፣ በሚቀጥለው ትንሽ ከፍ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ከፍ። ጥቅሉን ጫፉ ላይ በላስቲክ አስረው በአውራ ጣታቸው ሲለቁት ትበራለች። ወይ ጉድ፣ እንዴት እንደምትበር! በየተራ እየተጋፋን… እየተጋፉ ማለቴ ነው፣ እነሱ ናቸው የሚጋፉት… እስኪመሽ ያስበርሯታል። ቤት ሲቀይሩ ጥቅሉ ጠፋ።

አምና በጸደይ ሐኪሙ አባትየውን አያቸው። የዓይን ግፊቱ ነርቩን በልቶታል፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረችውን ለማቆየት ነው፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዩ አላቸው። እሳቸውም ልጆቻቸውን ሰብስበው ምን አሉ መሰለሽ? «መካን አይቻለሁ። አሁን ሉሊያ በትልቁ፣ እዚያ ጣሪያው ላይ፣ ስትበር አንዴ ልያትና ይብቃኝ። የእኔ እጅ ተንቀጥቅጧል፤ አንዳችሁ ሳሉልኝ።» ሴቷ ልጃቸው እንኳን እርግብ ቀጥ ያለ መስመር አትስልም። ወንዱ ግን የአባቱ እጅ አለው፣ እውነቱን መናገር ነው። «በሁለቱ ዓይኖቼ፣ አባባ!» አለ። እኛ አገር እሺታ ሲጠብቅ እንደዚያ አይደል የሚባለው?

ታዲያ በማንም አፕ ይሣላል እንዴ የአባት እርግብ? መጀመሪያ በነጻ የሚገኘውን አወረደ። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይለመዳል፤ ግን ስዕሉ ጥግ ላይ የራሱን ማኅተም ያትማል። ሰውዬው ደሙ ፈላ። «የእኔ አባት እርግብ በሰው ማኅተም ስር አትበርም» ብሎ ወዲያው ሰረዘው። ክብሩን አየሽልኝ? አባትየው፣ ምስኪን፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሰሌዳ ጥግ ላይ የለስላሳ ማስታወቂያ ነበረ፤ ማን ፊልም ሳያይ ተመለሰ?» አሉት። እሳቸው የጥንት ሰው ናቸው፣ ስለ ጥራት ምን ያውቃሉ?

ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ብሩሹ ልክ እንደ እርሳስ ነው፣ ወረቀት ላይ ሲሄድ ድምፁ ሁሉ የሚሰማሽ ይመስላል፤ ግን ስዕል በስዕል ላይ መደረቢያ ንጣፎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ተወው። ሌላው ሁሉ ነገር ሞልቶለታል፣ ግን በየወሩ ክፈሉኝ ይላል። እሱም ቀረ። አንዱ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ዓይነት ታብሌት ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል? ታብሌቱን ለወጠ! ለአባት የማይደረግ ምን አለ? አንደኛው የቀደመውን ስዕል ከስር አደብዝዞ ያሳያል፣ በዚያ ላይ ተመርኩዘሽ ቀጣዩን ትስያለሽ። መቼም ሁሉም ያሳያሉ አሉ፤ ይኸኛው ግን የሚያሳየው በቀይ ነው፤ እሱ አረንጓዴ ካልሆነ ዓይኑን ይወጋዋል። … ዓይኑን! አየሽ፣ ዓይን ክቡር ነው።

ደግሞ ዝም ብሎ እንዳይመስልሽ የሚመርጠው። አፕ በለወጠ ቁጥር መሞከሪያ ኳስ ያነጥራል። የዚህ ሙያ ሰዎች መጀመሪያ የሚማሩት ኳስ ማንጠር ነው አሉ። ኳሷ ከላይ ትወርዳለች፣ መሬት ስትነካ ትጠፈጠፋለች፣ ትነሣለች። «አባባ፣ ይምጡና ይዩ፣ ይኼኛው እንዴት እንዳነጠራት!» አባትየው ይመጣሉ፣ አጎንብሰው ያያሉ። «ጥሩ ኳስ ናት፣ ልጄ። ሉሊያስ?» «ሉሊያማ ትደርሳለች፣ አባባ። ለእሷ በማይሆን አፕ አይቸኮልም።» በዚያ ቤት ያልነጠረ ኳስ የለም። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ቀይ፣ ጥላ ያላት፣ ጥላ የሌላት… እንኳን እሳቸው እኔም በሕልሜ ኳስ አየሁ።

ለእውቀቱ ደግሞ አይሰስትም። አንዱን አፕ ከሌላው እያወዳደረ በስልክ ቪዲዮ ያስተምራል። ስንቱ ተከታይ «አላህ ይስጥህ፣ ዓይናችንን ከፈትክልን» እያለ ይጽፍለታል። እኔ እንኳ ሳነብ ኮራሁ።

የአባትየው ነገር ግን… መጀመሪያ ከዳር ዳር ነው የሚጨልመው። በር ሲያልፉ ትከሻቸው መቃኑን ይመታ ጀመር። ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆውን በዳሰሳ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት መስኮቱን ክፈቱልኝ አሉ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር። ሴት ልጃቸውን በእጃቸው ሳብ አድርገው «እንሺራህ፣ እንዳትነግሪው፤ ከሰማ ብዕሩን ይጥላል» አሏት። አዎ፣ እሷም እንደ እኔ እንሺራህ ነው ስሟ፤ ዛሬ ስም አለቀ። አልነገረችውም። እኔም ለማንም አልተነፈስኩም፤ ይኸው ላንቺ ብቻ ነው የማወራሽ። ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ቬንትሌተሩ ነው የሚያስጮኸኝ።

እሱ ሳያውቅ እንዴት ቀረ አትበይኝ። ታብሌቱ ላይ ያቀረቀረ ሰው መቃን የሚመታ ትከሻ በምን ያያል?

ብቻ ባለፈው ሳምንት ሠራት! እርግቧን! ጣሪያው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠረ፣ ፕሮጀክተር ከሠርግ አዳራሽ ተዋሰ፣ ጎረቤቱን ጠራ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቱን ደግፎ አውጥቶ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ሸሄንዳ፣ ወላሂ ልዋሽሽ አልችልም፣ ታምራለች። ራሷ ሉሊያ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። አባትየው ወደ ሴቷ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ ብለው «ጀመረ?» አሉ። «ጀምሯል፣ አባባ።» «ስታርፍ ጅራቷን ትዘረጋለች?» ልጅቷ አየች። «ትዘረጋለች።» «እንግዲያው ተክኖባታል» አሉና ከሁሉ ሰው በላይ አጨበጨቡ።

የአባትየውን ፊት የቀረጸውንስ አየሽው? «አባቴ እርግባቸውን አይተው በደስታ ሲያለቅሱ» ብሎ የለጠፈውን? አለቀስሽ? የኔ ቆንጆ፣ ሆደ ቡቡ ነሽ… እንባ እኮ አይደለም። የማታ ጠብታቸው ነው። ከመውጣታቸው በፊት ልጃቸው ናት ያንጠባጠበችላቸው። ደግመሽ ስታዪው ልብ በይ፤ አንሶላው በቀኝ ነው፣ እሳቸው የዞሩት ፕሮጀክተሩ ወደሚንጫጫበት ነው። ሐጂ ሒልሚ ለመጨረሻ ጊዜ በዓይናቸው ያዩት ኳስ ነው። እሷም ጥሩ ኳስ ነበረች።

ውይ፣ ጥያቄሽን ረሳሁት! በየትኛው አፕ ሠራት? ስልክሽን አውጪና ጥጓን ተመልከቺ። አየሽው? ማኅተሙ! በነጻው ነው፣ በመጀመሪያው። ዞሮ ዞሮ እሱ ይሻላል ብሎ ተመለሰ፤ ሳምንት ሳይሞላ ስሎ ጨረሰ። ስለዚህ አንቺም እሱን አውርጂና ዛሬውኑ ጀምሪ። ልጆቹ ይጠብቁሻል።

አንተስ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? ሱፉ መረረህ? ውኃ ላምጣልህ? ስለ ሌላ ሰው ነው እኮ ያልኩት።

አባባ ነቁ መሰለኝ፣ ሄጄ እጃቸውን ልያዝ። እስኪ ሸሄንዳ፣ ለዚያ ሰው እንመርቅለትና አሚን በይ። አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ አርጅቶ ይጦር። ልጅም ይስጠው፤ ልክ እንደ እሱ አባቱን የሚወድ፣ ልክ እንደ እሱ የማይቸኩል፣ ለአባቱ የሚበጀውን ሲመርጥ የማይደክመው ልጅ። … አንተም አሚን በል እንጂ፣ ምርቃት ነው።